ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ነው? የቧንቧ ውሃ የት እንደሚበከልና ብክለቱ እንዴት እንደሚታወቅ

ቧንቧ ከፍታችሁ የቀዳችሁት ውሃ ነጭ ሆኖ ወተት ቢመስል ብርጭቆውን አስቀምጡና ትንሽ ጠብቁ። ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው። መስመሩ ውስጥ በግፊት የታመቀ አየር ሲለቀቅ ጥቃቅን አረፋ ይሠራል፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ውሃው ምንም አልሆነም። ኩልል ያለ፣ የማይሸት፣ ሲጠጡትም የሚጥም ውሃ ግን ሊድ (እርሳስ) ወይም አርሴኒክ የሚባሉ መርዛማ ነገሮችን ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ይህን ዓይንም ምላስም አይለየውም።

ስለ መጠጥ ውሃ ብክለት ሲወራ አብዛኛው ውዥንብር የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛ የምንፈርደው በመልክ፣ በጠረንና በጣዕም ነው። ከሚያሳምሙን ነገሮች አብዛኞቹ ደግሞ መልክም ሽታም የላቸውም።

«ንጹሕ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ምንም ያልተቀላቀለበት ውሃ በተፈጥሮ አይገኝም። ዝናብ እንኳ ሲወርድ ከአየሩ ጋዝና ብናኝ ይዞ ነው። መሬት ውስጥ ሲሰርግ ደግሞ ከድንጋዩ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ አይረን፣ ፍሎራይድ እያሟሟ ይሄዳል። ስለዚህ «ውሃው ውስጥ ሌላ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ሁሌም አለ። ምን እንዳለና ስንት እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ መመሪያ አለው፤ አገሮችም እሱን እያዩ የየራሳቸውን ደረጃ ያወጣሉ። በጀርም በኩል መመሪያው ጥብቅ ነው። ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መገኘት የለበትም። በኬሚካል በኩል ጣሪያ ይቀመጣል። ለፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም፣ ለአርሴኒክና ለሊድ ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው። አንድ ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሒሳቡን ብትሠሩት አንድ ግራም ሊድ 100 ሺህ ሊትር ውሃ ውስጥ እኩል ቢሟሟ ያን ሁሉ ውሃ ጣሪያው ላይ ያደርሰዋል ማለት ነው። በዓይን የማይታየው ለዚህ ነው።

ብክለቱ ከየት ይመጣል?

ሁለት ዓይነት ነው ብለን እንጀምር፤ ቶሎ የሚያሳምም እና ቀስ ብሎ የሚያሳምም።

ቶሎ የሚያሳምመው ጀርም ነው። ባክቴሪያ፣ ቫይረስ እና ጥገኛ ተሕዋስያን አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ወይም ከእንስሳ ዓይነ ምድር ወደ ውሃው ይገባሉ። ኮሌራና ታይፎይድ የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ በቂ ሊሆን ይችላል። በሽታው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይነሣል፤ ሕፃናትን ደግሞ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. ቢያንስ 1.7 ቢሊዮን ሰው የሚጠጣው ዓይነ ምድር ከነካው ምንጭ ነበር። ስለ ኬሚካል የሚወራው ብዙ ቢሆንም በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚያሳምመው አሁንም ጀርም ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዘነጋ ውሳኔውም ይሳሳታል።

ቀስ ብሎ የሚያሳምመው ኬሚካል ነው። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ የሚታየው ለዓመታት ሲጠጣ ነው። አንዱ ለየት የሚለው ናይትሬት ነው። ከማዳበሪያ፣ ከፍግና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። መጠኑ ሲበዛ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና በአጭር ጊዜ ለአደጋ ይዳርጋቸዋል።

ኬሚካል ሲባል ሰው አእምሮ ላይ ቶሎ የሚመጣው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካ ይበክላል፤ እውነት ነው። ግን ከታወቁት ከባድ ብክለቶች ጥቂቶቹን ያመጣው ድንጋዩ ራሱ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። መጠኑ ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ በጣም ሲበዛና ሲቆይ አጥንትን ያጣምማል።

የባንግላዲሽ ታሪክ ደግሞ እያንዳንዱ የውሃ ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ሰው ኩሬ እየጠጣ ልጆች በተቅማጥ ያልቁ ነበር። ስለዚህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መንግሥትና ዩኒሴፍን የመሳሰሉ ድርጅቶች እየደገፉ እጅግ ብዙ የፓምፕ ጉድጓድ ተቆፈረ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ጀርምም አልነበረበትም። አርሴኒክ ይኖርበታል ብሎ የመረመረ ግን አልነበረም። በ1990ዎቹ ሲታወቅ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ለዓመታት ጠጥተውታል። ቆዳ የሚያጠቁር፣ ውሎ አድሮም ካንሰር የሚያመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ጉድጓዶቹ እየተመረመሩ የፓምፑ አፍ ቀለም ይቀባ ጀመር። አረንጓዴ ከሆነ ይጠጣል፣ ቀይ ከሆነ አይጠጣም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ አረንጓዴ አንዱ ቀይ ይሆናሉ። ሳይመረመር በግምት የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፒፋስ ስለሚባሉት ኬሚካሎች ብዙ ይሰማል። ከማይጣበቅ መጥበሻ ሽፋን እስከ እሳት ማጥፊያ አረፋ ድረስ የገቡ ናቸው፤ በተፈጥሮ በቀላሉ አይበሰብሱም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2024 ለሁለቱ ዋና ዋናዎቹ ያወጣው ጣሪያ በሊትር 4 ናኖግራም ነው። ናኖግራም የማይክሮግራም አንድ ሺህኛ ነው።

ማጣሪያ ጣቢያው ምን ይሠራል?

ከወንዝ ወይም ከግድብ የሚመጣ ውሃ ጭቃና ጀርም ይዞ ነው። ጭቃው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቢቀመጥም አይዘቅጥም። ደቃቆቹ ቅንጣቶች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨመርበት ያ መገፋፋት ይቀንሳል። ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፣ ይከብዳሉ፣ ይዘቅጣሉ። የተረፈው በአሸዋ ይጣራል። በመጨረሻ ክሎሪን ይገባበታል።

እዚህ ላይ አንድ ልኬት አለ፤ ድፍርስነት ይባላል። ውሃ ውስጥ ብርሃን ሲገባ ቅንጣቶቹ ምን ያህል እንደሚበትኑት ይለካል። ዓይናችን ውሃ ደፍርሷል የሚለው ልኬቱ 4 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ሲደርስ ነው። ደህና የሚሠራ ጣቢያ ግን ከ1 በታች፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ እጅግ በታች ያወጣል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ1993 በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ታየ። ከከተማዋ ሁለት ማጣሪያ ጣቢያዎች በአንዱ፣ በደቡብ በኩል ባለው፣ የወጣው ውሃ ድፍርስነት ወደ 1.7 ከፍ አለ። ሰው ብርጭቆውን ቢያይ ምንም አይታየውም። በጊዜው የነበረውን ደረጃም አልጣሰም። ግን ማጣሪያው እየሾለከበት ነበር፤ አብሮ የሾለከው ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ክሎሪን አይገድለውም። 403 ሺህ ገደማ ሰው ታመመ። በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ክሎሪን ጥሩ ማጣሪያን አይተካም።

ክሎሪን ራሱ መርዝ አይደለም ወይ?

ብዙ ሰው «ውሃው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል» ብሎ ይተወዋል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን በቧንቧ ውሃ ያ ሽታ በአብዛኛው ደግ ምልክት ነው።

ክሎሪን ጣቢያው ላይ ጀርም ከገደለ በኋላ ጥቂቱ ሆን ተብሎ ውሃው ውስጥ ይተዋል። ባለሙያዎች ቀሪ ክሎሪን ይሉታል። ለመንገድ እንደሚቋጠር ስንቅ ነው። ውሃው በመስመሩ ሲጓዝ ጀርምና ቆሻሻ ባገኘ ቁጥር ከስንቁ ይጎድላል። መንገዱ ከረዘመ ወይም ብዙ ቆሻሻ ካጋጠመው ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ውሃው ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ሊቀር ይገባል። በጤና በኩል ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊግራም ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ ከ5 በጣም በታች ሆኖ ሽታው ይሰማዋል። ስለዚህ «ሸተተኝ» እና «ጎዳኝ» መካከል ሰፊ ርቀት አለ።

የሚነሣው ስጋት ግን መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ክሎሪን ውሃው ውስጥ ካለ የቅጠልና የአፈር ብስባሽ ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ውህዶች ይፈጥራል። እነዚህ ለረጅም ዓመታት በብዛት ቢጠጡ ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ለእነሱም ጣሪያ አለ። መፍትሔው ብስባሹን ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ማጣራት ነው። ክሎሪኑን መተው መፍትሔ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ጀርም ያልተገደለበት ውሃ የሚያመጣው አደጋ ከእነዚህ ውህዶች በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከጣቢያው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በኋላስ?

ሰው የሚረሳው ይህን ክፍል ነው። ውሃው ከጣቢያ እስከ ቤት ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መስመሩ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል። ውሃው በግፊት ሲሄድ ስንጥቁ ወደ ውጭ ያፈሳል። ያ ብክነት ነው እንጂ ብክለት አይደለም። ችግሩ ግፊቱ ሲወርድ ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፕ ሲቆም፣ መስመር ሲሰበር፣ ወይም ውሃ በፈረቃ ሲለቀቅ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ያው ስንጥቅ ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ የፍሳሽ መስመር ወይም የረጋ ውሃ ካለ የሚገባው እሱ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ለመጠጥ አለመቅዳት የሚመከረው ለዚህ ነው። ቡናማ ቀለሙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቧንቧው ግድግዳ የተነሣ ዝገት ነው፤ ብቻውን ያን ያህል አያሰጋም። ከእሱ ጋር ሳይታይ የገባው ነው የሚያሰጋው።

ቧንቧው ራሱም ሊበክል ይችላል። በአሜሪካ ሚሺጋን የምትገኘው ፍሊንት በኤፕሪል 2014 ወጪ ለመቀነስ ብላ የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። የወንዙ ውሃ ብረት የመብላት ባሕርይ ነበረው። ቧንቧው እንዳይበላ የሚከላከለው ውህድ ደግሞ አልተጨመረም። በከተማዋ ብዙ የቆዩ የሊድ ቧንቧዎች ነበሩ። በዓመታት በውስጣቸው የተሠራው ቅርፊት እየተላጠ ሊዱ ወደ ውሃው ገባ። በኦክቶበር 2014 እዚያው ከተማ ያለ የጄኔራል ሞተርስ የሞተር ፋብሪካ ውሃው የመኪና ዕቃ እያዛገብኝ ነው ብሎ ከወንዙ ውሃ ወጣ። ለሞተር ዕቃ ያልሆነውን ውሃ ሰው ግን አንድ ዓመት ገደማ ተጨማሪ ጠጣው። ከተማዋ ወደ ቀድሞ ምንጯ የተመለሰችው በኦክቶበር 2015 ነው። ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ነዋሪዎቹ እኮ ከመጀመሪያው ጀምረው ጠርሙስ ይዘው አቤት ብለዋል። ሰሚ ነው ያጡት።

ከዚያ ደግሞ የቤቱ ማጠራቀሚያ አለ። ታንከር ካልታጠበና ክዳኑ ካልገጠመ፣ ጀሪካኑ ውስጥ እጅ እየገባ ከተቀዳ፣ እስከ በራፍ ንጹሕ የነበረው ውሃ እዚያ ይበላሻል። ያ ስንቅ የተባለው ክሎሪንም ውሃው ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ያልቃል።

ምርመራ እያለ ሰው ለምን ይታመማል?

ውሃ ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን ጀርም ሁሉ አንድ በአንድ መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ ቤተ ሙከራ ኢ. ኮላይን ይፈልጋል። አብዛኛው የኢ. ኮላይ ዝርያ በራሱ አያሳምምም። የሚኖረው ግን በሰውና በእንስሳት አንጀት ነው። ውሃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር ደርሷል ማለት ነው፤ ሌላውም ጀርም አብሮ ሊኖር ይችላል።

ችግሩ ጊዜው ነው። ናሙናው ተቀድቶ፣ ባክቴሪያው እስኪያድግ ተጠብቆ ውጤት የሚመጣው ከ18 እስከ 24 ሰዓት በኋላ ነው። ውጤቱ ሲደርስ ውሃው ተጠጥቷል። ክሎሪንና ድፍርስነት ግን በደቂቃ ይለካሉ። ቀሪ ክሎሪን ድንገት ከወረደ መስመሩ ውስጥ የሆነ ነገር እየበላው ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚጮኸው ማንቂያ ይኸው ነው።

በካናዳ ኦንታሪዮ የምትገኝ ዎከርተን የምትባል 5 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ይህን በከባድ ዋጋ ተማረች። በሜይ 2000 ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ የከብት ፍግ ይዞ ጥልቀት ወደሌለው የከተማዋ ጉድጓድ ሰረገ። ከፍጉ ጋር የመጣው መርዛማ የኢ. ኮላይ ዝርያ ነበር። ጉድጓዱ ላይ ክሎሪን ይጨመር ነበር፤ ግን ከገባው ቆሻሻ ጋር ሲነጻጸር አነሰ፤ አለቀ። ሠራተኞቹ ቀሪውን ክሎሪን በየቀኑ መለካት ነበረባቸው። ሳይለኩ መዝገቡ ላይ ቁጥር ይሞሉ ነበር። የቤተ ሙከራ ውጤት ውሃው መበከሉን ሲያሳይም ለጤና ባለሥልጣናት አልተናገሩም። የጤና ቢሮው ሲጠይቅ «ውሃው ደህና ነው» ተባለ። በሜይ 21 የጤና ቢሮው በራሱ ውሳኔ «አፍልታችሁ ጠጡ» ብሎ አወጀ። ወደ 2,300 ሰው ታመመ፣ 7 ሰው ሞተ።

ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ክሎሪንና ድፍርስነትን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ጉድጓዱ ላይ ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙ አይከሰትም ነበር ብሎ ደመደመ። ፍጉን ማሳው ላይ የበተነው ገበሬ ሥራውን በደንቡ መሠረት ነበር የሠራው፤ ጥፋተኛ አልተባለም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ያ መዝገብ ነው። ለሙላት ያህል የተጻፈ አንድ ቁጥር ነበር።

እቤት ምን ማድረግ ይቻላል?

ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ክሎሪን የማይገድለውን ክሪፕቶስፖሪዲየምንም ጭምር። ውሃው ተንፈቅፍቆ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይሁን። ነገር ግን ማፍላት ፍሎራይድን፣ አርሴኒክን፣ ሊድን፣ ናይትሬትን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ኬሚካሉ ባነሰ ውሃ ውስጥ ስለሚቀር መጠኑ ይጨምራል። ናይትሬት የበዛበትን ውሃ አፍልቶ ለጨቅላ ወተት ማዘጋጀት የሚያሰጋው ለዚህ ነው።

የከሰል ማጣሪያ ሽታና ጣዕም ያሻሽላል፤ ክሎሪንንም ያወጣል። ለጀርም ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ ፍሎራይድና ናይትሬትንም አይዝም። ሊድ የሚይዙ አንዳንድ የከሰል ማጣሪያዎች አሉ፤ ለዚያ ተፈትነው መሆን አለበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ውሃን በግፊት በጣም ደቃቅ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ አብዛኛውን ኬሚካል ያወጣል፤ በምትኩ ብዙ ውሃ ያባክናል። መጀመሪያ ውሃው ላይ ያለውን ችግር ማወቅ፣ ከዚያ ማጣሪያ መምረጥ ነው የሚሻለው።

ማጣሪያ ለመሸጥ የሚደረግ አንድ ትርኢት አለ። ሻጩ ሁለት የብረት ዘንግ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከቶ ኤሌክትሪክ ይለቅበታል። ውሃው ቡናማ ይሆናል፣ ይጓጉላል። «ይኼን ነው የምትጠጡት!» ይላል። ያ ቡናማ ነገር የራሱ የዘንጉ ብረት ነው። ከውሃው የወጣ ቆሻሻ አይደለም። ማዕድን ያለበት ማንኛውም ደህና ውሃ እንዲህ ይሆናል። የተጣራው ውሃ የማይለወጠው ማዕድኑ ስለተወሰደ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ ነው። በእጅ የሚያዘው «ቲዲኤስ» መለኪያም የሟሟ ማዕድን መጠን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ጀርም አንዳች አይነግራችሁም።

በቆየ ቤት ውስጥ የሊድ ቧንቧ ወይም ብየዳ ካለ ሌሊቱን ቧንቧው ውስጥ ያደረውን ውሃ ጥቂት አፍስሶ መቅዳት ይጠቅማል። ለመጠጥና ለማብሰያ ቀዝቃዛውን ተጠቀሙ፤ ሙቅ ውሃ ሊድን ይበልጥ ያሟሟል።

አቅራቢውን ምን ብለን እንጠይቅ?

«ውሃችን 95 በመቶ ደረጃውን ያሟላል» የሚል መግለጫ ስትሰሙ ቁጥሩ ላይ አትቁሙ። ናሙናው የት ተቀዳ? ጣቢያው በር ላይ ነው ወይስ መስመሩ ጫፍ ካለው ሰፈር? ውሃ ያለማቋረጥ በሚመጣበት ቀን ነው ወይስ ጠፍቶ በተመለሰበት? ጫፍ ላይ ቀሪ ክሎሪኑ ስንት ነበር? ያላለፈው 5 በመቶ ደግሞ የትኛው ሰፈር ነው፤ ለነዋሪው በስንት ሰዓት ውስጥ ተነገረው፤ ድጋሚ ናሙናስ መቼ ተቀዳ?